የምንጠጣው የማን ተራራ ነው?

ኢየሩሳሌም ውስጥ ለገበያ የሚበቃ ስንት የሻይ ተክል ይበቅላል? አንድም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ500 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ እሱም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ተጠቃልሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለወራት ጠብታ አይሰጥም። አፈሩም በኖራ ድንጋይ ላይ የተኛ ነው። ሻይ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ አሲዳማ አፈር፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ዝናብ፣ ጉም የማይለየው ተዳፋት። እንግዲህ ከያፎ ጎዳና ወደ ነቢያት ጎዳና፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ስንዘልቅ በየሱቁ፣ በየቢሮው፣ በየእንግዳ ማረፊያው የሚቀዳው ሻይ በሙሉ ሌላ አገር በጣለ ዝናብ የበቀለ ነው። የት አገር የጣለ? በማን መሬት ላይ?

ጥያቄውን ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ የማነሳው በምክንያት ነው። በድንጋይ አጥር መካከል የምታልፈው ይህች ጠባብ መንገድ ስሟን ያገኘችው ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥራው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 ተፈጸመ። በአካባቢው ነገሥታቱ፣ እቴጌዎቹና መኳንንቱ ቤት እየገዙና እያሠሩ ለገዳሙ የሰጡት፣ ተሳላሚው ማደሪያ፣ መነኩሴው መተዳደሪያ እንዳያጣ ብለው ነው። መሬት የሌለው ሰው በባዕድ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ያውቁ ነበር። በአሮጌዋ ከተማ፣ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለው ዴር ሱልጣን ደግሞ ትምህርቱን በመከራ ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱን ፈጀ፤ የነበራቸው ሰነድ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ከቅብጦች ጋር ያለው ክርክር አላባራም። እ.ኤ.አ. በ1970 በትንሣኤ ሌሊት የበሮቹ ቁልፍ ተቀይሮ በኢትዮጵያውያን እጅ ቢገባም ጉዳዩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ለፋሲካ የመጣ ተሳላሚ ሁሉ ይህን ታሪክ ሰምቶ ይመለሳል፤ ሰነዱ የት ገባ፣ ቁልፉን ማን ያዘ፣ ቀድሞ የነበረው ማን ነው እያለ ይጠይቃል።

በዚሁ ከተማ የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ልጆችስ? አያቶቻቸው በጎንደር ዙሪያ ርስት ተነፍገው፣ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላና በሽመና ዘመናቸውን ገፉ። መሬት ማጣት ምን እንደሆነ ለእነሱ ማስተማር የሚችል የለም።

ስለ አንድ ጣራ፣ ስለ አንድ ርስት ይህን ያህል አጥብቀን የምንጠይቅ ሰዎች፣ በየቀኑ ሦስትና አራት ጊዜ ስለምንጠጣው ቅጠል መሬት አንድ ጊዜ እንኳ የማንጠይቀው ለምንድን ነው? ቡና ሲቀርብልን የሐረር ነው፣ የጅማ ነው፣ የይርጋ ጨፌ ነው እንላለን፤ ሽታውን ለይተን እንከራከራለን። ሻይ ሲመጣ ግን የምናወራው ስለ ስኳሩ፣ ስለ ቅርንፉዱ ወይም እዚህ እንደተለመደው ስለ ናዕናዑ ነው። ቅጠሉ ከየት መጣ የሚል አልሰማሁም።

ለመሆኑ ሻይ የሰፋፊ እርሻ ተክል የሆነው ለምንድን ነው? ተክሉ በተፈጥሮው ዛፍ ነው፤ ቢተውት ከአሥር ሜትር በላይ ይመዘዛል። እየተገረዘ ከወገብ በላይ እንዳያልፍ የሚደረገው ለለቃሚዋ እጅ እንዲመች ነው። የሚቀጠፈው ጫፉ ብቻ ነው፦ ሁለት ለጋ ቅጠልና ገና ያልተፈታ አንድ እምቡጥ። ቅጠሉ ከተቀጠፈበት ደቂቃ ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል። በቅርጫት ታምቆ ከዋለ ይግላል፣ ይቀላል፣ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ደርሶ ነፋስ በሚያልፍበት መጠውለጊያ ላይ መዘርጋት አለበት። አንድ ኪሎ የደረቀ ሻይ ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል፤ ማድረቂያው ደግሞ ማገዶ ይበላል። ያው ቁጥቋጦ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ይለቀማል። ፋብሪካው መካከል ላይ፣ ማሳው ሳይቆራረጥ ዙሪያውን፣ የሠራተኛ ሰፈሩ ዳር ላይ፣ የማገዶው ባሕር ዛፍ ከኋላ፤ ሰፋፊ የሻይ እርሻ በብዙ አገር ይህን መልክ የያዘው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቅጠሉ ቶሎ መበላሸቱ የተክሉ ጠባይ ነው። ያልተቆራረጠ ሰፊ መሬት ለማግኘት ሲባል በዚያ መሬት ላይ የነበረው ሰው መነሳቱ ግን የሰው ውሳኔ ነው። ስለ ሻይ የሚጻፈው ብዙው ነገር ሁለቱን አንድ አድርጎ ያቀርባል፤ ተራራው፣ ጉሙና ዝናቡ ብቻ እርሻውን እዚያ ያስቀመጡት ይመስል። በአሳም ሜዳ፣ በስሪላንካና በኬንያ ከፍታ ላይ ዝናቡ የነበረው ከእንግሊዞች በፊት ነው። ከዝናቡ ጋር ሰውም ነበረ። እሱ የት ሄደ?

ስሪላንካን፣ የቀድሞዋን ሲሎን፣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1869 የታየው የቡና ቅጠል ዝገት በሽታ የደሴቲቱን ቡና ጨረሰ። ጄምስ ቴይለር የሚባለው ስኮትላንዳዊ ከዚያ በፊት በ1867 ሉልኮንዴራ ላይ ሻይ መትከል ጀምሮ ነበርና ባለ እርሻዎቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ለቀማው ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ከደቡብ ሕንድ ታሚሎችን ማምጣቱ ተጠናክሮ ቀጠለ። እነዚያ ሰዎችና ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ጎጆ እየኖሩ የዓለምን ሻይ ለቀሙ። አገሪቱ በ1948 ነፃ ስትወጣ የወጣው የዜግነት ሕግ መቶ ሺዎችን አገር አልባ አደረጋቸው። የመጨረሻዎቹ ዜግነት እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ የወጣው በ2003 ነው። በእነዚያ ሃምሳ አምስት ዓመታት ውስጥ በየጽዋው ላይ የሲሎን ስም ሲነሳ፣ የሲሎን ዜጋ አይደለሽም የተባለችውን ለቃሚ ማን አስታወሰ?

ወደ እኛ ቀረብ እንበል፤ ኬንያ። ኬሪቾ ዛሬ በፎቶግራፍ ስትታይ እስከ አድማስ የተነጠፈ አረንጓዴ ናት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሬቱ ለእንግሊዝ መኮንኖች ተሰጠ፤ እነሱ ሳይሳካላቸው ሲቀር በ1920ዎቹ ብሩክ ቦንድና ጄምስ ፊንሌይ ገቡበት። የኪፕሲጊስ ሕዝብና የታላይ ጎሳ ሰዎች ከርስታቸው ተነሱ። ታላዮቹን በ1934 በስማቸው በወጣ ድንጋጌ ወደ ግዋሲ አጋዟቸው፤ ወደ ሞቃትና ዝንብ ወደ ሞላበት ቆላ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ፍትሕ ይጠይቃሉ፤ አቤቱታቸው እስከ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሙያዎች ደርሷል። በመካከሉ እርሻው ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ተሸጋግሯል። መሬት በተሸጠ ቁጥር ዕዳው አብሮ የሚሸጠው ለማን ነው? ወይስ ዕዳው መንገድ ላይ ይጠፋል?

እስራኤል ውስጥ በብዛት የሚጠጣው የቪሶትስኪ ሻይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1849 ሞስኮ ላይ ተቋቋመ፤ ከሩሲያ አብዮት በኋላ ከአገር ወጥቶ በ1936 እዚህ ሥር ሰደደ። ገንዘቡ ለበጎ ነገር ውሏል፤ የሃይፋው ቴክኒዮን ሲመሠረት ከለጋሾቹ አንዱ የቪሶትስኪ ቤተሰብ ነበር። ታላቁ የዕብራይስጥ ጸሐፊ አሐድ ሃዓም ኑሮውን የገፋው በዚሁ ድርጅት የለንደን ቢሮ ሲሠራ ነው። እዚህ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ፣ ዘመነኛው አሐድ ሃዓም ለንደን ላይ የሻይ ሒሳብ ይሠራ ነበር። የዚያ ዘመን የዓለም ሻይ ገበያ ለንደን ነበረችና፤ ጨረታዋም እስከ 1998 ዘልቋል። አንድ የሻይ ዛፍ የማይበቅልባት ከተማ የሻይ ዋጋ የምትቆርጠው በምን ሥልጣን ነበር? ዋጋው ከመሬቱ ይህን ያህል ሲርቅ፣ ጠጪው የነጋዴውን ስምና ኩባንያው የተቋቋመበትን ዓመት አውቆ የተራራውን ስም ሳያውቅ መኖሩ ምን ያስደንቃል? የምቃወመው ይህን ርቀት ነው። ማሸጊያው ስለ አሻጊው የሚነግረንን ያህል ስለ ለቃሚዋ ቀበሌ እንዳይነግረን የከለከለው ማን ነው?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ጥያቄው ለባዕድ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ተሰደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ደርሰው ኢየሩሳሌም ገቡ፤ የከተማዋ ኢትዮጵያውያን እያለቀሱ ተቀበሏቸው። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ነፃ መንግሥት የቀረው ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ጎሬ ላይ ነበር፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው አቀኑ። ያ አካባቢ የኢትዮጵያ ሻይ የተጀመረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ጎሬ ከነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ጋር በተያያዘ የሻይ ዘር ገብቶ ጉመሮ ላይ እንደተተከለ ይነገራል። ዝናቡ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አፈሩም ቀይና አሲዳማ ነው። በኋላ ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ አጠገብ፣ ውሽውሽ ተከፈተ። ሁለቱ እርሻዎች በመንግሥት እጅ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ወደ ሚድሮክ ኢትዮ አግሪ ሴፍት ተዛወሩ። ሁለቱ አንድ ላይ 2,000 ሄክታር ገደማ ናቸው፤ ከኬንያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ቦታው ግን ተራ ቦታ አይደለም። ከፋ የቡና መገኛ ነው። በጫካው ጥላ ሥር ቡና በራሱ ይበቅላል፤ ቀፎ በዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል። ሻይ ደግሞ ይህን ጥላ አይፈልግም፤ ዛፉ ካልተመነጠረ ማሳው አይነጠፍም። ቡናውን ያስገኘልንን ጫካ ቆርጠን ሻይ ስንተክል፣ ያጣነውን በየትኛው መዝገብ ላይ አስፍረነዋል?

ከከፋ ጋር በሚዋሰነው ሸካ ላይ ይህ ጥያቄ በተግባር ተነስቷል። ማሻ አካባቢ፣ ጨዋቃ ላይ፣ ኢስት አፍሪካን አግሪቢዝነስ ከ3,000 ሄክታር በላይ ለሻይ ተረከበ። ሸካዎች ደናቸውን የሚያስተዳድሩበት ኮቦ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ደን ባለቤቱ ይታወቃል፤ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ማር የሚቆርጠው፣ ድንበሩን የሚጠብቀው እሱ ነው። በወረቀት ግን ያ ሁሉ ባለቤት የሌለው ደን ተብሎ ተመዘገበ። ዴር ሱልጣን ላይ ሰነድ የለህም መባል ምን እንደሚያም የምናውቅ እኛ፣ ማሻ ላይ ለማር ቆራጩ ሰነድህ የት አለ ሲባል ምን ተሰማን? ከደን በቀር መተዳደሪያ የሌላቸው፣ ጎረቤት እንኳ ማዕድ የማያጋራቸው ማንጆዎች ከሁሉ የከፋ ጉዳት አገኛቸው። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዘገበ። እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ግን ከመጥረቢያው በኋላ ነው የመጣው።

ጎደሬም አለ። በጋምቤላ፣ መዠንገሮች በሚኖሩበት ደን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ቨርዳንታ ሃርቨስትስ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ 3,012 ሄክታር ለሻይ ልማት ለ50 ዓመት በኪራይ ተሰጠ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 111 ብር ነበር። በዚያ ብር አዲስ አበባ ላይ ምን ይገዛ ነበር? ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ፤ የጊዜው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ስለ ደኑ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረሱ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ውሉን ካላስቆመ፣ የመዠንገር ሽማግሌ ቃል ምን ሊያስቆም ይችላል? ያን ውል የፈረመው ሰው ጎደሬን በእግሩ ረግጦት ያውቅ ነበር?

የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። ሥራ ተፈጥሯል፣ መንገድ ገብቷል፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ተሠርቷል፣ የውጭ ምንዛሬ ተገኝቷል ይሉኛል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ አልክድም። በጉመሮና በውሽውሽ ሺዎች ደመወዝ ያገኛሉ፤ ብዙዎቹም መሬት ከጠበበባቸው ሌሎች አካባቢዎች የመጡ ናቸው። ግን ሥራው ለማን ተፈጠረ፣ መሬቱ ከማን ተወሰደ? ጫካውን ያጣው ሰውና ደመወዙን ያገኘው ሰው የተለያዩ ከሆኑ፣ አንዱን ለሌላው ማካካሻ አድርጎ መቁጠር ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ለቃሚዋ የምትከፈለው በኪሎ ነው። ከንጋት ጀምራ በእርጥብ ቁጥቋጦ መካከል ጀርባዋ ላይ ቅርጫት አዝላ ትውላለች፤ ማምሻ ላይ ሚዛኑ የሚለው ነው የእሷ ቀን። ሚዛኑን የሚያነበው ማን ነው? እርጥበት ነው ተብሎ የሚቀነሰውን ስንት ነው ብላ የምትጠይቅበት ቦታ አላት?

ሌላ መንገድ የለም የሚለውም ትክክል አይደለም። ኬንያ ራሷ አሳይታለች። ከነፃነት በኋላ በ1964 የተቋቋመው የአነስተኛ ሻይ ገበሬዎች ድርጅት፣ ገበሬው በራሱ ቁራሽ መሬት ላይ እንዲተክል፣ ቅጠሉን በየመንደሩ ባለ መሰብሰቢያ አስረክቦ በዚያው ቀን ፋብሪካ እንዲደርስ አደረገ። ዛሬ ከኬንያ ሻይ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከእነዚህ ገበሬዎች ነው። ችግር የለባቸውም ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ በክፍያው ይጣላሉ፣ ኃላፊዎቹን ይከስሳሉ። ግን የሚጣላው የመሬት ባለቤት ነው። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚበላሽ ሰፊ እርሻ ግድ ነው የሚለው ክርክር እዚያ ወድቋል፤ የሚያስፈልገው ጥሩ መንገድ፣ ሰዓት የሚያከብር መኪናና ቅርብ ፋብሪካ ነው። እኛም አገር በውሽውሽ ዙሪያ ለፋብሪካው የሚያቀርቡ ገበሬዎች አሉ። እንግዲህ ይህ ዳር ላይ ያለው መንገድ ዋናው እንዳይሆን ያደረገው ምንድን ነው?

ጥያቄው ያለፈ ታሪክ ስላልሆነ ነው የሚያስጨንቀኝ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኦሮሚያ ምዕራባዊ ዞኖችና በሌሎችም የሻይ ተከላ ዘመቻ ሆኗል፤ ችግኝ በብዛት ይፈላል፣ ይታደላል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። ገበሬው በራሱ መሬት ላይ ከተከለ ከጨዋቃና ከጎደሬ የተሻለ ነው፤ ደስም ይላል። ሻይ ግን ተተክሎ ለለቀማ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም በሰዓታት ውስጥ የሚቀበለው ፋብሪካ ከሌለ ቅጠሉ ገደል ይገባል። ፋብሪካው ከችግኙ ጋር አብሮ ታቅዷል? የእርጥብ ቅጠሉን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው፤ በወረዳው አንድ ገዢ ብቻ ካለ ገበሬው ከማን ጋር ይደራደራል? የበቆሎ ማሳውን ወደ ሻይ የለወጠ አባወራ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ልጆቹን ምን ያበላል? ማሳው የተነጠፈው በተራቆተ ኮረብታ ላይ ነው ወይስ በቀረችው ጫካ ጫፍ?

እዚህ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያለን ሰዎችስ ከደሙ ንጹሕ ነን? የኢትዮጵያ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቡናውን ሲያስመጡ የአገር ሻይም አብሮ ይመጣል። ለበዓል ስንሰበሰብ ከትልቁ ጀበና ጎን የሻይ ማንቆርቆሪያም ይቀመጣል። ባለ ሱቁን ይህ ከየትኛው እርሻ ነው ብሎ የጠየቀው አለ? የጠየቀ ካለ፣ ባለ ሱቁ አስመጪውን፣ አስመጪው አሻጊውን ይጠይቅ ነበር። የአንዳንድ ታዋቂ ቡናዎቻችንን ስም ለማስከበር መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከታላቅ የውጭ ኩባንያ ጋር ተሟግቷል፤ ሻዩ ግን ዛሬም በአሻጊው ስም እንጂ በተራራው ስም አይታወቅም። የበቀለበት ቀበሌ፣ የገበሬው ይሁን የኩባንያ፣ ለለቃሚዋ በኪሎ የተከፈለው፤ ይህ በአንድ ፓኬት ጀርባ ላይ ለመጻፍ ስንት መስመር ይፈጃል?

መልስ የምጠብቀው ከሁሉ በፊት ከቡናና ሻይ ባለሥልጣን ነው፤ ስሙ ሁለቱንም ይዟልና ሁለቱን አብሮ የማየት ግዴታ አለበት። ስለ ችግኝ ብዛትና ስለ ሄክታር የሚነገረንን ሰምተናል። ጨዋቃ ላይ ኮቦውን ያጣው ማር ቆራጭ ስንት ነው? ጎደሬ ላይ በኪራይ ከተሰጠው 3,012 ሄክታር ስንቱ ሻይ ሆነ፣ ስንቱ ተመንጥሮ ቀረ፣ የቀረውስ ለመዠንገሮች ተመልሷል? ለአዲሱ ተከላ መሬቱን የሚለየው ኮሚቴ ውስጥ ከደኑ ነዋሪዎች ማን ተቀምጧል፤ እምቢ ካለስ፣ እምቢታው በቃለ ጉባኤ ይያዛል?